የሰባ ዓመት ላብ

አቶ ተወልደመድህን ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት፣ የሰበሰቧቸው የድሮ የካሲኖ ቺፖች (በገንዘብ ፈንታ የሚቆመርባቸው ክብ የሸክላ ጠፍጣፎች) የተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በከባድ ነገር ተመትቷል፤ በሩ ግን አልተሰበረም። ጎረቤቱም ምእመኑም ጣቱን ሚስታቸው ላይ ቀሰረ። ሰው ለመፍረድ ሲሆን መቼ ይሰንፋል!

መርማሪ ፀዳል ሚስትየዋን ወይዘሮ ለተሃይማኖትን «ቺፖቹን እጥላለሁ ብለው ዝተዋል አሉ» አለቻቸው።

«ዝቻለሁ! የቁማር መንፈስ ቤቴ ገብቶ ዝም ልበል? ፓስተር መስፍን ግን አይጣሏቸው፣ ይጸልዩባቸው አለኝ። እሁድ ከቸርች ስመለስ እያንዳንዷን በወይራ ዘይት ቀባኋት። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሞቶ አገኘሁት።»

«ሌላ ማስረጃ ካላገኘሁ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።»

ፀዳል ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቺፖች አገላብጣ አሸተተች። ደረቅ ናቸው፤ የዘይት ጠረን የላቸውም።

ስለ ቺፖቹ ለመጠየቅ ዴንቨር ውስጥ የድሮ ዕቃ ወደሚሸጠው ሕሩይ ሄደች፤ በገዛ ሹመቱ ኤክስፐርት የሆነ ሰው ነው። አገጩን ቀና አድርጎ ተቀበላት።

«ጋሽ ተወልደ ምስኪን! ቺፖቹ ፌክ ናቸው፣ በርካሽ ልውሰዳቸው ብያቸው እምቢ አሉኝ። ቤታቸውን ከረገጥኩ ቆየሁ።»

«ኦሪጅናሉስ በምን ይታወቃል?»

ጉረኛ ሲጠየቅ ነፍሱ ነው። ከመስታወት ሣጥኑ አንዷን ቺፕ አወጣ። «መሃሏ ላይ ያለውን ጥቁረት ቼክ አድርጊ። የሰባ ዓመት የቁማርተኛ ላብ ነው። ሸክላ ላብ ይጠጣል፤ ፌኩ ፕላስቲክ ስለሆነ አይጠጣም።»

ፀዳል ቺፗን አሸተተቻት። «እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይልን ባለሙያ ቸግሮናል» አለችው፤ «ኦሪጅናሎችህን ይዘህ ና።»

ሞኝ ሲያሞግሱት ገመዱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ሕሩይም መጣ።

በሟቹ ሳሎን ውስጥ ወይዘሮዋን፣ ፓስተሩንና ሕሩይን አስቀመጠቻቸው።

«የሟቹ ቺፖች እሁድ በዘይት ተቀብተዋል» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ግን ዘይት ነክቷቸው አያውቅም። ስለዚህ ከእሁድ በኋላ ተቀይረዋል። ወይዘሮ ለተሃይማኖት ቀብተዋል፤ ፓስተሩ ይህን ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዳቸው ቢቀይሩ ኖሮ አስመሳዮቹንም ይቀቧቸው ነበር። የቀየረው ዘይቱን ያላወቀ፣ ቺፖቹን ግን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ዘይት የትም አለ!» ሕሩይ ጮኸ።

ፀዳል እሱ ካመጣቸው አንዷን አንስታ «አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አለች ለወይዘሮዋ።

ጣታቸው ጥቁረቱ ላይ ልክ ገጠመ። የቆዳቸው መስመር ሳይቀር ሸክላው ላይ ታትሟል።

«የሰባ ዓመት ላብ ያልከው የእሁድ የወይራ ዘይት ነው፣ ኤክስፐርት።»

ያ ሁሉ ጉራ እንደ ጉም በነነ። «ስቀይር አየኝና መታሁት» አለ ሕሩይ፤ ለጋሽ ተወልደ ይሰጠው የነበረው አንቱታ እንኳ ጠፋው።

ለተሃይማኖት እያለቀሱ አዩት። «እኔ ጋኔኑን ቺፖቹ ውስጥ ስፈልግ፣ በሬን አንኳኩቶ የሚገባው አንተ ኖረሃል።»