ቀስ በቀስ የጠራው ምስል

ሐጂ ዐብዱረሕማን ከጣሪያቸው ወድቀው ሲሞቱ አዲስ ዓለም ሰፈር ደነገጠ ማለት ያንሳል፤ ጎንደር ከነግንቧ ትንፋሿን ዋጠች። ጓሮው ውስጥ፣ የድንጋይ ንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በዕድሜያቸው የሸጡት አቡጀዴ ቢዘረጋ መተማን አልፎ ካርቱም በደረሰ፣ ትርፉም ለሱዳኖች ጥምጥም በሆነ።

ኢንስፔክተር እቴነሽ እንደ ደረሰች የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ይህች ሴት ዝም ብላ ካየችው ሰው ያልሠራውን ሁሉ ያስታውሳል ይባልላታል። ቀጥሎ በቤቱ የነበሩትን ሁሉ ሳሎን አስገባች። ሳሎኑ ፈረስ የሚያስጋልብ ነው፤ መስኮቶቹ ግን የወህኒ አዛዥ በሚቀናበት ወፍራም ብረት ታጥረዋል። የሐምሌ ደመና ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። አየሩም እንደ ሰዎቹ መውጫ ያጣ ይመስል ነበር።

«ከዛሬ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ጀናዛው ለቀብር መውጣት አለበት!» አሉ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ፈህሚያ። «እኛን እዚህ ማጎር ምንድን ነው? ገዳይዋ ያቻትና!»

ጣታቸው ያረፈው ዐዚዛ ላይ ነው። የሟች ልጃቸው ሚስት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሕፃን ልጇን ይዛ እዚሁ ቤት ትኖራለች። ቀድመው የመጡት ፖሊሶች እጇን በካቴና አስረዋታል። ልጇን የወሰደቻት ጎረቤት ናት፤ ከግድግዳው ማዶ ለቅሶዋ በተሰማ ቁጥር ዐዚዛ ከወንበሯ ትነሣለች፣ ፖሊሱ መልሶ ያስቀምጣታል።

«ጡት ፈልጋ ነው» አለች። «አንዴ ላጥባትና ከፈለጋችሁ ስቀሉኝ።»

«ቁጭ በይ ልጄ» አለች እቴነሽ። ዞር ብላ የሟቹን ታናሽ ወንድም ኡዘይርን አየችው። «እርስዎ ይንገሩኝ።»

ኡዘይር ጉሮሮውን ጠረገ። «እህት ዓለም፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማክሰኝት እህል ስሸምት ቆይቼ ዛሬ ረፋድ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ እምቢ አለና ወንድም ጋሼ አንቴናውን ሊያዞር ጣሪያ ወጣ። እኔ እዚህ ፊቱ ቆሜ ‹ወደ ቀኝ! ወደ ግራ!› እላለሁ። ነጫጭ ነጠብጣቡ ሲርመሰመስ ቆየና ቀስ በቀስ ጠራ። መጀመሪያ የዜና አንባቢው ከረባት ታየኝ፣ ከዚያ ፊቱ። ‹እዚያው ያዘው!› ብዬ ሳልጨርስ ዱብ አለ። ስወጣ መሰላሉ ከዐዚዛ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አጠገብ ወድቋል። ጎትታ ጣለችው!»

«ሐጂ ምን ቢያደርጓት?»

«ወደ ወላጆችሽ ሂጂ ብሏት ነበር።»

«ውሸት!» ዐዚዛ ጮኸች። «አባባ ይህን ቤት ነገ በልጄ ስም ሊያዞሩላት ነበር። እኔ ውሃ ላሞቅ ማድ ቤት ገብቻለሁ፤ መሰላሉን አልነካሁም!»

እቴነሽ ወደ ግቢው ወጣች። መሰላሉ የወደቀው በፊት ለፊቱ ግቢ ነው። ሬሳው ጓሮ ነው፤ በመካከላቸው ቤቱ ራሱ አለ። ወደ ሳሎን ተመለሰችና ቴሌቪዥኑን አየች። ጥቁር መስኮቱ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ከሥሩ ፈህሚያ በእጃቸው የሠሩት ትልቅ ዳንቴል ተነጥፏል። ጫፉን ገለጥ አድርጋ አንዲት ትንሽ ሪሲቨር አየች። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አጎንብሳ፣ ለጥንት ግንብ እንኳ የማይሰጥ ትዕግሥት ሰጥታ መረመረችው።

አራተኛው ሰው ይባረክ ነው፤ ከወለቃ የመጣ የዲሽና የአንቴና ባለሙያ። ሥዕል ጠፋ ብላ በስልክ የጠራችው ዐዚዛ ናት፤ ሲደርስ የጠበቀው ግን ሬሳ ነበር።

«ሥዕል ሲጠፋ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?» አለችው።

«ገመዱን ነዋ! ሰው ግን ገመዱን ሳያይ ጣሪያ ይሮጣል። እኔ ያሰርኩት አንቴና እንደሆነ ራስ ዳሸን ይነቀላል እንጂ እሱ አይነቃነቅም።»

«ሪሲቨሩን መቼ ገጠምከው?»

«ትናንት ማታ። አዲሱ ዲጂታል ለሙከራ ተጀምሮ የለ? አንቴናው ያው የድሮው ነው፤ ገመዱ ብቻ ከቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል። እትዬ ፈህሚያንም ዐዚዛንም በደንብ አሳይቻቸዋለሁ።»

«አጉል ሳጥን ነው ብዬ ዳንቴል ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ ፈህሚያ።

እቴነሽ በይባረክ ጆሮ አንሾካሾከችለት። እሱም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቶ ገመዱን ነካ ነካ አደረገና መሰላሉን ይዞ ጣሪያ ወጣ። ሌላው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

«አቶ ኡዘይር፣ ይባረክ አንቴናውን ያዞራል። ነጠብጣቡን ሲያዩ ‹ይኸው እንዲህ ነበር› ይበሉኝ።»

ቆርቆሮው ተንኳኳ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጥቁር ነው።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

ድንገት ሥዕሉ ጥርት ብሎ ዱብ አለ፤ የዘፋኟ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ይባረክ ጥቂት ሲያዞረው ፊቷ በአራት ማዕዘን ተቆራርሶ ደረቀ። ትንሽ ጨመረ፤ ጥቁር ሆነ።

«ነጠብጣቡስ?»

ኡዘይር ላቡን ጠረገ። የጣና ውሃ ሁሉ በግንባሩ የሚወርድ ይመስል ነበር። «ይመጣል… ያዙረው ብቻ።»

«ቢፈልጉ እስከ መስቀል ያዙረው፤ አይመጣም» አለች እቴነሽ። «ይህ ዲጂታል ነው፤ ወይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ ይጠፋል። ቀስ በቀስ እየጠራ የሚመጣው የድሮው ሥርጭት ነው። እርስዎ የነገሩኝ የድሮውን ትዝታ ነው፤ ዛሬ እዚህ ቆመው ያዩት ነገር የለም።»

እቴነሽ የዳንቴሉን ጫፍ ገለጠች።

«ሐጂን ጣሪያ ያስወጣቸው ከጀርባ ተጎትቶ የተነቀለ ገመድ ነው፤ የጎተተው ሰው ጫፉ ከዳንቴሉ ሥር ከምን እንደወጣ አላየም። በኋላ ነቃዩ ምንም እንዳልተነካ ለማስመሰል መልሶ ሰካው፤ ግን የሰካው የድሮው ቦታ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ስገባ ሪሲቨሩ ባዶውን ነበር፤ ገመዱን አሁን የመለሰለት ይባረክ ነው። ስለ ሪሲቨሩ የምታውቀው ዐዚዛ እንዲህ አትሳሳትም፤ እትዬ ፈህሚያም ይባረክም አይሳሳቱም። ዳንቴሉ ሥር ያለውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከማክሰኝት ዛሬ የገባው።»

«መሰላሉስ?» አለ ኡዘይር፣ ድምፁ ሰልሎ።

«መሰላል ከእግሩ ሥር የተጎተተበት ሰው መሰላሉ ጋ ይወድቃል። እሳቸው የወደቁት በቤቱ ማዶ ነው። ጣሪያው ላይ የተከተላቸው ሰው ገፋቸው፤ ወርዶም መሰላሉን ሳፋው አጠገብ ጣለው።» ወደ ፈህሚያ ዞረች። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቤቱ ለማን ነበር?»

ፈህሚያ ሻሻቸውን አጥብቀው ያዙ። «ለልጅቷ ነበር። ነገ ሊፈርምላት። ኡዘይር ሆቴል እንሥራበት ብሎ ዛሬ እንደ ገባ ሲጨቃጨቀው ሰምቻለሁ። ከደም የሚያደርስ ግን አልመሰለኝም።»

«ስለዚህ ሐጂ ዛሬ ቢሞቱ ዐዚዛ ቤቱን ታጣለች፤ የምትቸኩልበት ምክንያት የለም» አለች እቴነሽ። «የቸኮልከው አንተ ነህ፣ ኡዘይር።»

እርስዎ መባሉ ሲቀርበት ኡዘይር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። መስኮቱን አየ፤ ብረቱ ያው ነው። በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሟል። «አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት» አለ፣ ያነሰ ወንጀል እንደሆነ ሁሉ።

እቴነሽ ካቴናውን ከዐዚዛ እጅ አውጥታ ለፖሊሱ ሰጠችው። እሱም ኡዘይርን አሰረ። ከውጭ የሶላቱ ጥሪ ተሰማ። እቴነሽ የግቢውን ቁልፍ ለፈህሚያ ዘረጋች። እሳቸው ግን ተቀብለው በዐዚዛ መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም።

«ሂጂ ልጄ፣ መጀመሪያ አጥቢያት» አሉ። «ከዚያ አምጫት፤ ጀናዛው ሳይወጣ አያቷን ትሰናበት።»

ዐዚዛ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ በሩ ሮጠች።