ቀን 1፦ ማርያማዊት

«ይቅርታ፣ ላንቺ ሳምንት የሚጀምረው በየትኛው ቀን ነው?»

አንጁሎ መጀመሪያ ያነጋገረኝ እንዲህ ብሎ ነው። 2000 ዓ.ም.፣ ሶዶ፣ አዲስ በተቀጠርኩበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በር ላይ። ረጅም፣ ዓይኑ የሚስቅ ወንድ... አዲስ ዓይነት ለከፋ መሰለኝ።

«እንዳንተ ያለ ነገረኛ በማይለክፈኝ ቀን ነው!» አልኩት።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደረቴ ላይ ካለው ባጅ ስሜን አነበበና ደብተሩን አውጥቶ «ሣራ፦ መልስ አልሰጠችም» ብሎ ጻፈ። ሳልወድ ሳቅሁ። የወደድኩትም ያኔውኑ ነው፣ ምን እደብቃለሁ!

ለካ ጥያቄው ሥራው ነበር። ኮምፒውተር ላይ ቋንቋና አገር ስትመርጡ፣ የካላንደሩ መጀመሪያ ቀን አብሮ ይቀየራል። የአሜሪካን እንግሊዝኛ ከመረጣችሁ ሳምንቱ በእሑድ ይጀምራል፣ የእንግሊዝን ከመረጣችሁ በሰኞ። በአማርኛ ለሚሠራ ፕሮግራምስ? ሞክሮና ሰው ጠይቆ መመሪያ መጻፍ የእሱ ድርሻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሁለታችን ሆነ።

ሦስት ወር ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ቀን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ታኒ ኔና ሲቃይስ» አለኝ። እወድሻለሁ ማለቱ ነው። በአማርኛ ብዙ ይቀልዳል፣ በወላይትኛ ግን ቀልዶብኝ አያውቅም። አመንኩት።

ከዚያ ማርያማዊት ተቀጠረች። የዲምቱ ልጅ ናት፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ድምጿ ለስላሳ። አንጁሎ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት እንደ እኔ አልተሳደበችም።

«በእሑድ ነዋ!» አለችው። «ሰኞ በግዕዝ ሰኑይ ነው፣ ሁለተኛ ማለት። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ሁለተኛ ካለ አንደኛ አለ።»

ፊቱ በራ። በዚያው ቀን የኮምፒውተሩን ካላንደር በእሑድ እንዲጀምር አደረገው። ከዚያ በኋላ «ማርያማዊት እንዳለችው...»፣ «ማርያማዊት እንዳስረዳችን...» ሆነ ወሬው።

«ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «መመሪያው ላይ ሰኞ ይጻፍ!»

«ሣርዬ፣ የምትከራከሪው ስለ ቀን ነው ወይስ ስለ ሌላ?»

«ስለ ቀን!» ብዬ ዋሸሁ።

አንድ ሰኞ አንጁሎ «ለሥራ ገሱባ እሄዳለሁ» ብሎኝ ቀረ። ማርያማዊትም የለችም። አላስችል አለኝና የእሱን ኮምፒውተር ከፈትኩ። የሳምንት ዕቅዱ ተዘርግቷል። ቀኖቹን በቁጥር ነበር የሚጽፈው።

«ቀን 1፦ ማርያማዊት ጋ፣ ኦቶና። ቀን 2፦ ገሱባ።»

ቀን 1! ሰኞ! ዛሬ! ገሱባማ ነገ ነው። ዋሽቶኛል! እሷ አንደኛ ሆና እኔ ከዕቅዱ ውስጥ እንኳ የለሁም።

መሳቢያዬ ውስጥ የሐዋሳ ዝውውር ደብዳቤ ነበረኝ፤ ለእሱ ስል ሳልመልስ ያቆየሁት። በንዴት «ተስማምቻለሁ» ብዬ ፈረምኩና ላክሁት።

በማግስቱ ማርያማዊትን በር ላይ ጠበቅኋት። «ጨዋ መስለሽ የሰው ሰው ትነጥቂያለሽ!» አልኳት፣ ሠልጣኙ ሁሉ እየሰማ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እየጠረገች ወደ ውስጥ ገባች።

አንጁሎ ሲደርስ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ገሱባ ነዋ።»

«ዕቅድህ ቀን 1 ኦቶና አይልም?»

«ቀን 1 እሑድ ነው! ያን ሁሉ የተጣላነው በምን ሆነና? አባቷ ኦቶና ሆስፒታል ተኝተዋል። እሑድ ከቸርች መልስ ጠየቅኳቸው፣ ስለ ቀኖቹም አስረዱኝ። ትናንት ኦፕራሲዮን ስለነበራቸው ነው ልጅቷ የቀረችው።»

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት የእኔን ቢጤ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ስሟን ስጠራ ፊትሽ ይጠቁራል፣ ፈራሁሽ። ያ ጥፋቴ ነው። ግን ሣራ... አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠይቂኝ?»

«ሐዋሳ ለመሄድ ፈርሜያለሁ...»

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ኦቶና ሄድኩ። የማርያማዊት አባት መሪጌታ ወልደመስቀል እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ማርያማዊት እግር ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም።»

«እ?»

«ወድጄው ነበር። አንድ ቀን ልነግረው አፌን ስከፍት ስለ አንቺ ማውራት ጀመረ... አላቆመም። ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለሽ? እንዴት እንደቀናሁብሽ!»

ተቃቅፈን አለቀስን።

ሰኞ ጠዋት በተሳደብኩበት በር ላይ፣ በእነዚያው ሠልጣኞች ፊት፣ ማርያማዊትን በድጋሚ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወደ አንጁሎ ዞርኩ።

«ዝውውሩ አይሰረዝም አሉኝ። አንድ ዓመት ነው። ትጠብቀኛለህ?»

ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ።

«እጠብቅሻለሁ» አለኝ። «ግን ጥርጣሬ ሲገባሽ ደውለሽ ጠይቂኝ። ዝም ብለሽ አትፍረጂብኝ።»

መመሪያውን ከመሄዴ በፊት አብረን ጨረስነው፦ ሳምንት በእሑድ ይጀምራል፤ የፈለገ ሰው ወደ ሰኞ መቀየር ይችላል።

ሐዋሳ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። ከጀርባው የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ማናት እሷ?»

«እናቴ!» አለኝ፣ በሳቅ እየሞተ። «ሰላም በያት፣ ምራቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለችኝ ነው።»

ዓመቱ ሲሞላ ሽማግሌ ላከ፣ ተጋባን። ማርያማዊት ሚዜዬ ነበረች። ዛሬም ቀናተኛ ነኝ፣ አልክድም። ግን ስቀና እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ሳይሰለች ይመልስልኛል።