በርሜሉን ካለፈች

ባዝራዋ ጁን አሁንም ልጓሙን ነክሳ ያዘች። ሼልቢ የቀኙን ዛብ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ጠበቀች፤ አልጎተተችም። ባዝራዋ አንገቷን እንደ አጥር እንጨት አደረቀች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ቆይታ መንጋጋዋን አላላችና አፍንጫዋን ወደ ቀኝ መለሰች። ሼልቢ ወዲያው ዛቡን ለቀቀችላት። ፈረስ እሺ ሲል ካልለቀቁለት፣ እሺ ማለቱ ምን ሊጠቅመው? ብዙ ሰው ግን እሺ ያለውንም መጎተት ይወዳል።

አጎቷ ቨርን አጥሩን ተደግፎ ያያል። ባዝራዋ የሱ ናት። እጁ ላይ ሌላ ልጓም ተንጠልጥሏል፤ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት የተጠመዘዘ ሽቦ ነው።

«አሁንም ትለማመጫታለሽ?»

«እየላላችልኝ ነው አጎቴ።»

«ስትራመድማ የማንም በቅሎ ይላላል። ጉዱ ስትጋልብ ነው።»

ይሄስ እውነት ነው። ውድድሩ ሦስት በርሜል ዞሮ መመለስ ነው፤ ጁን ግን ገና የመጀመሪያውን ሳትዞር ቀጥ ብላ ታልፈዋለች። ያም ሆኖ ሼልቢ ሌላ ፈረስ አልተመኘችም።

«ስሚ፣ ቅዳሜ ያንን በርሜል ካለፈች ጨረታ ትወጣለች። ቃሌ ነው። ይሄን ብታስገቢላት ግን ትዞራለች።»

«አፏ ይደማል።»

«ይድናል።»

ቨርን ቃሉን አያጥፍም። ድሮ አንድ ቄስ አስቀይሞት «ከዚህ ቤት አልገባም» ስላለ፣ የገዛ እናቱን ቀብር ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ነው የሸኘው።

ቅዳሜ ውድድሩ ቦታ ባለ ረጃጅም የፈረስ ተጎታቾቹ ጥላውን ይዘው ነበር። የቨርን ተጎታች እንደ ልማዱ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆመ፤ መቀርቀሪያው ከተሰበረ ስለቆየ በሩ መንገዱን ሁሉ ሲንኳኳ ነው የመጣው። በኦክላሆማ ከፈረስህ በፊት ተጎታችህን ያያሉ።

አብራት የምትማረው ብሪን አዲስ ኮፍያዋን አስተካክላ ሳቅ አለች። «ሼልቢ፣ ዛሬስ በርሜሉን አልፋችሁ እስከ የት ናችሁ? ካንሳስ?»

«ካንሳስ ዘመድ አለን» አለች ሼልቢ።

 ድምፅ ማጉያው በጮኸ ቁጥር ጁን መንጋጋዋን ትገጥማለች። ሼልቢ የሽቦውን ልጓም ከዕቃ ባልዲው አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ባልዲው ውስጥ መልሳ ጣለችውና ለስላሳውን አስገባችላት። አጎቷ «ካለፈች» ነው ያለው። ስለ ፍጥነት ያነሳው ነገር የለም።

ስሟ ተጠራ። በሩ ሲከፈት ጁን ልትፈተለክ ተወጠረች። ሼልቢ ዛቡን በሁለት ጣቷ ይዛ ጠበቀች። ከኋላ ሰው «ምን ይጠበቃል?» ሲል ሰማች። ጁን ላላች። ሼልቢ ለቀቀችላትና በሶምሶማ ገቡ።

ሳቁ ወዲያው መጣ። «ሰዓቱን አንሱና ካላንደር ስቀሉ» አለ አንዱ። የሼልቢ ፊት ነደደ። ጁን ግን የመጀመሪያው በርሜል ጋ ስትደርስ ዛቡ በጣት ሲነካ አፍንጫዋን መለሰችና ዞረችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ሰዓታቸው ከቀኑ ተወዳዳሪ ሁሉ የዘገየ ሆነ።

ቨርን ውጪ ጠበቃት። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«አለፈች?»

«አገር ሳቀብን እኮ።»

«ስቋል። አለፈች ወይ ነው ያልኩህ።»

ቨርን ወደ በርሜሉ አየ፣ ምራቁን ተፋ። «አላለፈችም» አለ በግድ። «በሚቀጥለውስ?»

«ትንሽ ፈጠን እንላለን።»

ሼልቢ ልጓሙን አወጣች። አረፋው ነጭ ነበር፤ ደም የለበትም። ጁንን አስገብታ የተጎታቹን በር ገፋች። ከዚያ የሽቦውን ልጓም ከባልዲው አውጥታ በጠፍሩ በሩን ጥርቅም አድርጋ አሰረችበት።

ቨርን አየ። መኪናውን አስነሳ። እስከ ቤት ድረስ በሩ አልተንኳኳም።