በሊሊ የእጅ ጽሑፍ

ሊሊ ክፍል ስትገባ ሄመን ቦታ ቀይራ አገኘቻት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተቀመጡበትን ዴስክ ትታ ከኋላ ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነው። ከተማሪው ግማሹ አልመጣም። የመጡትም ሁለት ሦስት እየሆኑ በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ሊሊ ስትጠጋ ዝም ይላሉ። እነሊሊ ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ ከመጡ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም፣ እንግዳ መሆኗ የተሰማት ዛሬ ነው። የሌሎቹስ ይሁን። ከሄመን ግን ይህን አልጠበቀችም።

በእረፍት ሰዓት ተከተለቻት።

«ሄሙ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«አባትሽን ጠይቂው።»

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

ሄመን ቆም ብላ አየቻት። «ሙዴ ጥሩ አይደለም፤ ተይኝ በቃ» አለችና ሄደች።

የሄመን እናት አዴ ወርቅቱ የሚሠሩት የሊሊ አባት መኮንን ፎርማን በሆነበት የእንጨት ሥራ ድርጅት ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጣውላ ወደ ኤሌክትሪክ መጋዙ ሲያስገቡ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ቆርጦ ጣለ። ሊሊ እስካሁን አልጠየቀቻቸውም። መንገዱ ተዘግቶ ነው ብላ ራሷን ስትሸነግል ሰነበተች።

ከትምህርት ስትወጣ ወደ ቤታቸው ሄደች። አዴ ወርቅቱ በረንዳ ላይ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ታቅፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሄመን ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እስቲ ይቺን ከድርጅቱ የሰጡኝን ወረቀት አንብቢልኝ። ሄመን ጽሑፉን አይታ ከማልቀስ በቀር አስተካክላ አልነገረችኝም።»

ሊሊ ወረቀቱን ዘረጋችው። ጽሑፉ የራሷ ነበር።

አደጋው በደረሰ በማግስቱ አባቷ ነው የጠራት። «ጽሑፍሽ ያምራል፤ እኔ ልንገርሽ አንቺ ጻፊ» አላት። «ሠራተኛዋ የመጋዙን መከላከያ ክዳን በራሷ ፈቃድ አንስታ ስትሠራ…» ሲል እስክሪብቶዋ ቆመ። ክዳኑን ማን እንዳነሳው ታውቃለች። መስከረም ላይ ምሳ ልታደርስ ሄዳ፣ የድርጅቱ ባለቤት «ሥራ ያጓትታል» ሲልና አባቷ ብሎኑን ሲፈታ በዓይኗ አይታለች። ቀና ብላ አየችው። አባቷ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ «ጻፊ» አላት። ጻፈች።

አሁን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ አንድም ቃል አልዘለለችም።

አዴ ወርቅቱ አልተቆጡም። «እኔ እኮ ክዳን የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቼው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያለው ልጅ፣ ‹ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ ካሳው መብትዎ ነው፤ ይህን የሚመሰክር ሰው ካለ ሐሙስ ይዘው ይምጡ› ብሎኛል። አብረውኝ የሚሠሩት ግን ፈሩ። አልፈርድባቸውም።»

ሊሊ «ጽሑፉ የኔ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችላቸው። ሄመን ጀሪካኗን ተሸክማ ስትመጣ ሊሊ ከሩቅ አየቻትና ተሰናብታ ወጣች።

አባቷ ከሥራ መጥቶ ግቢው ውስጥ እግሩን እየታጠበ ነበር።

«አባዬ፣ ያንን ወረቀት ከአዴ ወርቅቱ እጅ አየሁት።»

እግሩን ማሸቱን ተወ።

«ክዳኑን አንተ ስታነሳው አይቻለሁ።»

«አንሳ ተባልኩ፤ አነሳሁ። ጻፍ ተባልኩ፤ አጻፍኩሽ» አለ። «እምቢ ብል በዚህ ጊዜ ማን ሥራ ይሰጠኛል? እዚህ ዘመድ የለን። ከዚህስ ወዴት እንሄዳለን?»

አባቷ የፈራውን ሊሊም ትፈራዋለች። ግን ደግሞ አዴ ወርቅቱ በዚያ እጅ ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ ነው?

«ሐሙስ ቢሮው እሄዳለሁ» አለች።

አባቷ ሂጂም አትሂጂም አላላትም። ውኃውን ደፍቶ ወደ ቤት ገባ።

ሐሙስ ታክሲ አልነበረም፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሊሊ ዩኒፎርሟን ለብሳ ዳር ዳሩን ብቻዋን በእግሯ ሄደች። ቢሮው ኮሪደር ላይ አዴ ወርቅቱና ሄመን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች ሄመን።

«ልመሰክር።»

ሄመን አላመነቻትም መሰል ፊቷን አዞረች። ሊሊም ከጎኗ ልቀመጥ አላለችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

በሩ ተከፍቶ አንድ ወጣት ፋይል እንደያዘ ብቅ አለ። «ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ምስክር አገኙ?»

አዴ ወርቅቱ አንገታቸውን ደፉ።

«አለ» አለች ሊሊ። ድምፅዋ ለራሷም ቀጥኖ ተሰማት።

ወጣቱ ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የፎርማኑ፣ የመኮንን ልጅ ነኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።