ከጥቁሩ ቅብ ስር

ዱም!

ቤቱ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ይህን ድምፅ እናውቀዋለን። ባዶ በርሜል በጡጫ ሲመታ እንደሚያሰማው ያለ፣ ከመሬት በታች የሚመጣ ድምፅ ነው። እኔ በዚህ በሰው አገር፣ ማሪዬታ በምትባል ከተማ የአቶ ለገሰን ቤዝመንት ተከራይቼ ስለምኖር ከሁሉም ቀድሞ ለእኔ ይሰማኛል። መስኮቴ ከሣርና ከመኪና ጎማ በቀር የሚያሳየኝ ነገር ስለሌለ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን የምለየው በጆሮዬ ነው። የጋሽ ተስፋጽዮን ቫን ከመንገዱ ታጥፎ በድራይቭዌዩ ቁልቁል ሲወርድ፣ ጋራዡ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ዱም ይላል። ከዚያ የቫኑ ሊፍት እያቃሰተ ዝቅ ይላል፤ የዊልቸሩ ጎማ አስፋልቱን ይነካል። እኔም የያዝኩትን ትንፋሽ እለቃለሁ።

ጋሽ ተስፋጽዮን የአቶ ለገሰ ባለቤት የወይዘሮ ፍቅርተ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚሁ ከእነርሱ ጋር ነው። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ አንድ ቀን እየዘለሉ ለእጥበት ይወሰዳሉ። እግራቸውም ከድቷቸዋል። ቫኑ በዚያ አስፋልት ላይ ካልወረደ ከቤት መውጣት አይችሉም። ካልወጡ ደግሞ ምን እንደሚከተል ለማንም መንገር አያስፈልግም።

የድምፁ ምክንያት የተደበቀ አልነበረም። የጣራው ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ውሃውን የሚተፋው እዚያው፣ የድራይቭዌዩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙም ተሰነጣጥቋል። የዚህ አገር አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ በጁላይ ፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተርና ከአስፋልቱ ስር ይሸሻል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ውሃው ሲበዛበት ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። ከዝናብ በኋላ ከድራይቭዌዩ በታች ያለው ሣር ቀይ ጭቃ ለብሶ ይታይ ነበር። ያ ጭቃ ከአንድ ቦታ ጎድሎ ነው እዚያ የመጣው።

የቫኑ ሾፌር ኤልቃና ነገሩ ገብቶት ነበር። ሁልጊዜ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። «ያቺን ስንጥቅ ሳያት ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል» ይለኛል። በግራ ሲያልፍም ድምፁ አይቀርም፤ ይቀንሳል እንጂ።

አንድ ቀን አቶ ለገሰ ሣር ሲያጭዱ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«አቶ ለገሰ፣ ከአስፋልቱ ስር ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ቫኑ ሲያልፍ ይጮኻል።»

ማሽኑን አጠፉት። «ዳውንታውን ያን ሁሉ መኪና የሚያቆም ፓርኪንግ የማስተዳድረው ሰውዬ ስለ አስፋልት ካንተ ልማር? አንተ ልጅ፣ ብቻህን ቁጭ ብለህ ስታልም ነው እንዲህ የሚሰማህ። የኑሃሚን ምርቃት ደርሷል። ድግስ በቀረበ ሰዓት አታሟርት!»

አታሟርት። ወገኖቼ፣ ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ስንቱን አፍ ዘጋ? ፍሬኑ ተበላሽቷል ብሎ የሚናገር ሟርተኛ ነው። ሕመምህን ለሐኪም አሳይ የሚልም ሟርተኛ ነው። ነገሩ ሲደርስ ደግሞ «ምነው ማንም ሳይነግረን!» እያልን ደረታችንን እንመታለን።

ኑሃሚን አንድ ልጃቸው ናት። ኬኔሶ ባለው ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ተምራ በዚያው በጋ ልትመረቅ ነበር። ለእርሷም ነገርኳት። ወጥታ አስፋልቱ ላይ ዘለለች፤ ደግማ አልዘለለችም። በዚያው ምሽት እራት ላይ ከአባቷ ጋር ሲነጋገሩ በወለሉ በኩል እሰማ ነበር።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ሴፍ አይደለም። ጋሼ ሲወርድ ግራውንዱ ላይክ... ይንቀሳቀሳል። ፓርቲውን ፖስትፖን እናድርገውና መጀመሪያ እሱን ፊክስ እናድርግ።»

«ኧረ በስመአብ በይ!» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተ። «ሰው ተጠርቶ፣ በሬ ታዝዞ፣ ፓርቲው ይቅር ትላለች!»

«ቀርቶ አይቀርም እኮ ማሚ፣ በኋላ እናደርገዋለን።»

«ከድግሱ በኋላ ይሠራል» አሉ አቶ ለገሰ። «አለቀ።»

ልጅቷ ግን እልኸኛ ናት። አስፋልት የሚያነጥፍ ድርጅት ያለውን ሀምዛን በማግስቱ ጠርታ አመጣችው። ሀምዛ ሳቂታና ተናጋሪ ሰው ነው፤ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። በብረት ዘንግ ከላይ እስከ ታች እየመታ ወረደ። ጋራዡ አጠገብ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ደግሞ መታ። ዱም!

«ጋሽ ለገሰ፣ ይሄ መከፈት አለበት። ረጥቦ የላላው አፈር ወጥቶ ጠጠር ይሞላበታል፤ በደንብ ተጠቅጥቆ አዲስ አስፋልት ይለብሳል። ከሁሉ በፊት ግን አሸንዳው ይዙር።»

«ከድግሱ በኋላ እንነጋገራለን። ለአሁኑ በጥቁሩ የአስፋልት ቅብ ቀባ ቀባ አድርግልኝ። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ አመድ መስሎ አይታይ።»

«ይሄ እኮ የጥርስ ሐኪም ነው የሚፈልገው! እርስዎ ሊፕስቲክ ቀባልኝ ይሉኛል።»

ጋሽ ተስፋጽዮንን አድርሶ አጠገባችን የቆመው ኤልቃናና እኔ ሳቅን። አቶ ለገሰ አልሳቁም።

«በልጄ ምርቃት አታሳፍረኝ፣ ሀምዛ።»

«ወላሂ አልቀባውም! ስንጥቁ ከተሸፈነ ማን ይጠነቀቃል? ቢያንስ እስኪሠራ ቫኑ እላይ መንገዱ ዳር ይቁም።»

«እላይ? ሰው ሁሉ እያየ በዊልቸር ቁልቁል ልገፋቸው ነው? ምን ይለኛል ሰው?»

ሀምዛ ዘንጉን መኪናው ላይ ጫነ። «ሰው የሚናገረው ሲወድቁ ነው፣ ጋሽ ለገሰ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ለሚደረገው ድግስ አቶ ለገሰ ሐሙስ ዕለት ቅቡን በባልዲ ገዝተው አመጡ። አሮጌ ሱሪ ለብሰው፣ እጀ ረጅም ብሩሽ ይዘው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ድራይቭዌዩን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት። አይዋሽም፤ አምሮ ነበር። ገና ከካርቶን የወጣ ጫማ ይመስላል። ወይዘሮ ፍቅርተ ፎቶ አንስተው ለዘመድ ሁሉ ላኩ። ስንጥቁ የለም። ኤልቃናን ወደ ግራ ያስጠመዝዘው የነበረው ያ አስቀያሚ መስመር፣ ሳይታክት ተጠንቀቁ ሲለን የኖረው፣ ጠፋ። እኔ ግን መስኮቴ ላይ ተቀምጬ የት ጋ እንደነበረ ለማስታወስ ስሞክር ማስታወስ አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ወረደ። አሸንዳው እያጓራ የጣራውን ውሃ ሁሉ እዚያው ጠርዝ ላይ ሲያፈስ ዋለ። ወጥቼ አንድ ጣውላ አምጥቼ ውሃውን ላስቀይስ ሞከርኩ፤ ጎርፉ ጣውላውን ይዞት ሄደ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። እንግዳው እኩለ ቀን ሳይሞላ መግባት ጀመረ። አቶ ለገሰ አዲሱን ሱፍ ለብሰው እንደ ሥራቸው እያስተናበሩ መኪናዎቹን በድራይቭዌዩ ግራ በኩል አሰለፏቸው። ቀኙን ለቫኑ ተዉለት። ኤልቃና ከእጥበት ሲመለስ መሄጃው እርሱ ብቻ ነበር። ወንበር ተሸክሜ ከጋራዡ ስወጣ ቫኑ ሲታጠፍ አየሁት። ወንበሮቹን ጥዬ እጄን አወዛወዝኩ። ኤልቃና ሰላምታ መስሎት እጁን አነሳልኝ።

ዱም የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቫኑ ቆመ። «እዚህ አይደለም! ውጣ!» እያልኩ ስሮጥ ሙዚቃው ድምፄን ዋጠው። ኤልቃና ከኋላ ዞሮ ሊፍቱን ከፈተ፤ ጋሽ ተስፋጽዮን ነጭ ሸሚዛቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ለእንግዳው ፈገግ እያሉ መውረድ ጀመሩ። ያን ጊዜ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የቫኑ የኋላ ቀኝ ጎማ ሲሰምጥ ሊፍቱ ዘመመ። ኤልቃና ዊልቸሩን አንቆ ያዘ፤ ግን ክብደቱ አሸነፈው። ሁለቱም ወደቁ።

ሙዚቃውን ማን እንዳጠፋው አላውቅም። ኑሃሚን በምርቃት ልብሷ ጉልበቷን ጭቃ ላይ አድርጋ፣ የአጎቷን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ፣ «ማንም እንዳያነሳው! ማንም እንዳይነካው!» ትላለች። አጠገቧ ጥቁሩ አስፋልት እንደ ድስት ክዳን ተሰብሮ፣ ከስሩ ሰው የሚያስቀምጥ ዋሻና ቀይ ውሃ ይታያል። አቶ ለገሰ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። አምቡላንሱ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም።

ጋሽ ተስፋጽዮን የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን የታመመ ሰው አጥንት ቶሎ አይጠግንም። ኤልቃናም ትከሻው ወልቆ ሥራ ፈታ። ጋሽ ተስፋጽዮን ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ፣ ከማገገሚያም ኬኔሶ ወደሚገኘው የሌላ እህታቸው ልጅ የራኬብ ቤት ተወሰዱ፤ ማሪዬታ ያለው ቤት መግቢያ የለውምና።

ጠያቂው ጎረፈ። ወይዘሮ አበባ የሚባሉ የቤቱ ወዳጅ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ዓይን ነው፣ አቶ ለገሰ! ያን የመሰለ ድግስ፣ ያን የመሰለ ልጅ፤ ሰው በዓይኑ በላችሁ!»

አቶ ለገሰ ተነሱ። እንግዳዋን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዷቸውና ጉድጓዱን አሳዩአቸው።

«ዓይን አይደለም፣ ወይዘሮ አበባ። አሸንዳ ነው። ልጄ ነገረችኝ። ተከራዬ ነገረኝ። ሀምዛ ነገረኝ። እኔ ሁሉንም ሟርተኛ አልኳቸው።»

ከዚያን ቀን በኋላ ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ይህንኑ ደገሙት። ማፈራቸውን አልደበቁም። ሀምዛን ራሳቸው ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት። የላላው ሸክላ ተጠርጎ ወጣ፤ ጠጠር ተሞላ፤ እየተረገጠ ተጠቀጠቀ፤ አሸንዳው በቧንቧ ተቀጥሎ ውሃውን ራቅ አድርጎ ወደ ቦዩ ወሰደው። ከዚያ አስፋልቱ ተነጠፈ።

እናንተም በዚህ ቀይ አፈር ላይ ቤት የሠራችሁ፣ ከዝናብ በኋላ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ትንሽዋን ስንጥቅ ትንሽ ሳለች ድፈኑ፤ የጎደጎደውን ግን አትቀቡት። የሚያስፈራ ነገር የሚነግራችሁን ሰው አታሟርት ከማለታችሁ በፊት እስኪ አሳየኝ በሉት። ድግስ በኋላም ይደርሳል።

የበጋው ሙቀት አልፎ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ እሑድ ራኬብ ጋሽ ተስፋጽዮንን ይዛ መጣች። አቶ ለገሰ ክፍላቸውን ቀለም አስቀብተው፣ አዲስ አልጋ አስገብተው ይጠብቁ ነበር። ሁላችንም ወጣን። ራኬብ ዊልቸሩን ዘርግታ በቀስታ አስቀመጠቻቸው። ከስተዋል።

«ጋሽዬ፣ ይኸው» አሉ አቶ ለገሰ። «አሁን ቢፈልጉ የጭነት መኪና ይቁምበት። ይምቱት እስኪ።»

ጋሽ ተስፋጽዮን በከዘራቸው አስፋልቱን መቱት። ድፍን፣ አጭር ድምፅ ሰጠ። ወረድ ብለው፣ ድሮ ዱም የሚልበት ቦታ ላይ ደግመው መቱት። ያው ነው።

«ጥሩ ነው» አሉ።

የአቶ ለገሰ ፊት በራ። «ክፍልዎም ዝግጁ ነው። ፍቅርተ ምሳ አቅርባለች። ይግቡ ጋሽዬ፣ ቤትዎ ነው።»

ጋሽ ተስፋጽዮን አሸንዳውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ከዚያ የአቶ ለገሰን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ራኬብ፣ መልሺኝ።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው የመጣነው።»

«አስፋልቱን አመንኩት፣ ልጄ። ቤቱን ግን ገና አላመንኩትም።» ራኬብ እያመነታች ደግፋ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸው። አቶ ለገሰ በሩን ይዘው፣ «ጋሽዬ፣ ምን ቀረኝ? ይንገሩኝና እሱንም ልሥራው» አሉ። ጋሽ ተስፋጽዮን እጃቸውን ዘርግተው የአቶ ለገሰን እጅ ዳሰስ አደረጉት፤ ከዚያም ቀስ አድርገው ከበሩ ላይ አነሱትና ዘጉት።

መኪናው በአዲሱ አስፋልት ላይ ሽቅብ ወጣ። ምንም ድምፅ አላሰማም።