የሰዒድ ትርፍ ጭነት

በረባዳው አገር ቤት ማለት መኪና ጀርባ ላይ የሚጫን ነገር ነበር። ባሕሩ ወደ መሬቱ መግባት ከጀመረ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳ የሚያቆም ሞኝ ስለጠፋ፣ ሰዉ ሁሉ በፒክአፕ ጀርባ የሚሄድ፣ አየሩን ራሱ የሚያቀዘቅዝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ገዝቶ ይኖራል። እዝል ቤት ይሉታል፤ እንደ ሕፃን ይታዘላላ! ውሃው ሲጠጋ ቤትን አዝሎ ፈቀቅ ማለት ነው፤ የሚደነቅበት የለም።

የሉባባ ሥራ ቤትና መኪና ማጋባት ነበር። ከዳገቱ አናት ባለው ጣቢያ ተቀምጣ የትኛው ፒክአፕ የትኛውን ቤት እንደሚችል ትወስናለች። ደንበኛው ሁሉ ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል፤ የቤቱን ባዶ ክብደት ያይና "ይችለዋል" ይላል። "ወንድሜ፣ ቤት የሚመዘነው ውሃው ሞልቶ፣ ሰው ገብቶ፣ ድስቱ ተሰቅሎ ነው" ትለዋለች። ይቆጣሉ፤ እሷ ፍንክች አትልም። የታናሽ ወንድሟን የሰዒድን ቤት ከመኪናው ስታጋባማ፣ ለክፉ ቀን ብላ ሁለት ኩንታል ያህል አቅም አስተርፋለታለች።

ባሕሩ ያገደውን የጨው ግድብ የጣሰ ዕለት ጠዋት የሰዒድ መኪና ከዳገቱ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመ። ያቆመው ዳኛው ነበር። ዳኛው በየመኪናው ውስጥ ያለ ጭነት መዛኝ አእምሮ ነው፤ ሸክሙ ከልኩ ካለፈ ሞተሩን ይቆልፋል። ቀድሞ ስንቱ ቤቱን እንዳዘለ ከዚያ ዳገት ገደል ገብቶ ስላለቀ፣ የዳኛውን ቃል የሚሽር ሰው እንዳይኖር ተደርጎ ነው የተሠራው። ሉባባም አትችልም።

"እትዬ ሉባባ፣ እምቢ አለኝ" አለ ሰዒድ በመገናኛው።

"ውሃውን አፍስሰው።"

"አፈሰስኩት።"

"አልጋውንም፣ ምድጃውንም አውጣ!"

"ወጥቷል እኮ። ዘሀራና ልጃችን፣ እኔም፣ በቃ።"

ሉባባ የመኪናውን ሸክም የሚያሳየውን ሰሌዳ አየች። ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ፣ ከቤቱ ወለል ሥር፣ ከባድ ነገር አለ። "የወለሉ ሣጥን ውስጥ ምን አለ?"

"እሱ የእኛ አይደለም። አደራ ነው።"

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ሄሊኮፕተር ቀድሞ ወስዷቸዋል፤ ቦርሳ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። እናም ሁሉም እየመጣ "ለሰዒድ ልስጠው" ብሏል። ሁሉም "ትንሽዬ ናት፣ ምንም አትከብድም" ብሏል። አንዱ የስፌት መኪናውን፣ ሌላዋ የልጇን የመቃብር ድንጋይ በነጠላ ጠቅልላ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሰዒድም አልዋሸም። እህቱ "ያለህን ሁሉ ቁጠርልኝ" ስትለው ያለውን ቆጥሮላታል። አደራ ግን ያለው ነገር አይደለም፤ የሰው ነው። በዚያ አገር አደራን ከሸክሙ የሚደምር ሰው አልነበረም።

"ጣለው!" አለች።

"የእናታችን መጅም አለችበት። ራስሽ ነሽ አደራ ያልሽኝ፤ ትንሽዬ ናት ብለሽ።"

ሉባባ ደነዘዘች። እንጀራዋ መመዘን የሆነ ሴት የእናቷን የወፍጮ ድንጋይ ሳትመዝን አደራ ሰጥታለች።

"መጀመሪያ እሷን ጣላት! ሰዎቹን እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማን አደግን፣ እትዬ። እነሱ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እኔ ቤቴን እንዳዘልኩ ደርሼ 'የናንተን ጣልኩት' ልበላቸው?"

የሚስቱ የዘሀራ ድምፅ ገባ። "ሉባባ እህቴ፣ ውሃው ይታየኛል! ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል።"

ሉባባ ለመነችው፤ ሰደበችው፤ አለቀሰች። ሄሊኮፕተሩ ነፋሱ ባነሣው የጨው አቧራ ምክንያት አይነሣም። ከሰሌዳው ላይ ቁጥር ከማየት በቀር የምታደርገው አልነበራትም።

ድንገት ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። የወለሉ ሣጥን እየቀለለ ነው። "አልሐምዱሊላህ!" አለች፤ ጣለው ማለት ነው። ቀጥሎ ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አሥር ኩንታል ወረደ። አሥር ኩንታል የሚመዝን አደራ የለም። ከዚያ ደግሞ ጥቂት በጥቂት መልሶ ይጨምር ጀመር።

"ሰዒድ! ቤቱን ፈታኸው?"

"ፈታሁት። አደራውን ባዶው ጀርባ ላይ እየጫንኩ ነው።"

"የሚቀዘቅዘው ቤቱ ነው እኮ! ጋቢናው ከሁለት ሰው በላይ አይዝም!"

"ዘሀራ ትነዳለች፤ ልጅቷም አጠገቧ ገብታለች። እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ፀሐይ አላየሁም እንዴ?"

የረባዳውን ፀሐይ ያን ጊዜ ሰው የሚያየው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ብቻ ነበር፤ ውጭ የቆየ ሰው አይተርፍም። ዳኛው ግን ሸክም እንጂ ፀሐይ አይመዝንም። "ልክ ነው" አለና ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ዳገቱን ተያያዘው። ውሃው ከኋላ እየተከተለ ስለነበር መቆም አይታሰብም።

መጀመሪያ ሰዒድ ያወራት ነበር፤ "የስፌት መኪናው ጎኔን ወጋኝ" እያለ ቀለደ። ቆይቶ "እ" ብቻ ሆነ መልሱ። ኋላም ዘሀራ የጋቢናውን መስታወት እየደበደበች ስትጠራው ብቻ ተሰማት። ሉባባ የዳኛውን ስሌት ደግማ ደጋግማ መረመረች፤ አንድ ስህተት ብታገኝበት እሱን ትረግመው ነበር። አላገኘችም። አቅሙም ሸክሙም ልክ ነው። ቤቱን ጥሎ የጎረቤት ዕቃ የሚያነሣ ፍጡር ሊኖር እንደሚችል ግን ለማሽኑ የነገረው አልነበረም። እሷም ቢሆን አልነገረችውም።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ጣቢያው ደረሰ። አደራ የሰጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በበሩ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የሚተነፍሰውን የሚቆጥረው የበሩ መሣሪያ "ሰው ሁለት። ጭነቱ ልክ ነው። ይለፍ" አለ።

ሰዒድ በእሽጎቹ ላይ እጆቹን ዘርግቶ በደረቱ ተኝቶ ነበር፤ እንዳይወድቁ እንደያዛቸው። ብዙ እጅ ሆነው አወረዱት፤ ሉባባ እግሮቹን ይዛ ነበር።

"ጭነት ይውረድ። ባለቤቱ ይቅረብ" እያለ ዳኛው ይጣራ ጀመር። ሁሉም የየራሱን እሽግ ከቆመበት ያየዋል። የቀረበ ሰው አልነበረም።