አፍንጫ ያለው ጫማ

ዓይናዲስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቀዩን ጫማዋን ገልብጣ፣ ከሶሉ ቀዳዳ ጠጠር በእሾህ ትፈለቅቃለች። በአንዱ ጫማ ስድስት ቀዳዳ፣ በሁለቱ አሥራ ሁለት፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ጠጠር ገብቶ ተወትፏል። የሰቆጣ መንገድ ጠጠር ደግሞ አንዴ ቤት ካገኘ በልመና አይወጣም። ጓደኞቿ ዳገቱን ጨርሰው ሰውነታቸውን እያፍታቱ ይሳሳቃሉ። እሷ ግን ባቷ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትሮ አላራምድ ብሏታል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች አሰልጣኝ ጥሩሐረግ ከጀርባዋ መጥታ።

«ምንም። ክሩ ተፈትቶብኝ ነው።»

ጥሩሐረግ ጫማውን ከእጇ ወስዳ አገላበጠችው። ሶሉን አየች፤ ተረከዙን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለካች። ከዚያ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠችና እንደ እህት ቀስ ብላ አስረዳቻት። ይሄ የመም ጫማ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሹል ብረት የሚታሰርባቸው ናቸው፤ ስታዲየም ውስጥ ለአጭርና ለፈጣን ሩጫ የተሠራ ነው። ጫማው ጥፋት የለበትም፣ መንገዱ ነው የማይሆነው። ተረከዙ እንደ ቅጠል የሳሳ ስለሆነ በየቀኑ ኮሮኮንች ላይ ረጅም ርቀት ሲሮጡበት የመንገዱን ዱላ ሁሉ ባት ይቀበለዋል።

ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ሴቶች ወደ ማሰልጠኛ ማዕከል ይሄዳሉ። ዓይናዲስ ይህን ቀን ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ስትጠብቀው ኖራለች።

«እስከ ሰኞ ሌላ ጫማ አድርገሽ ነይ። ካለበለዚያ ስምሽን አላስገባም። የአንቺን ጅማት በጥሼ ሜዳልያ አልፈልግም» አለች ጥሩሐረግ። ከዚያም አጎትሽ ጫማ ሻጭ አይደለም እንዴ፣ ምን ቸገረሽ ብላ ጠየቀች።

ችግሩም እሱው ነበር።

አያ ምትኩ የእናቷ ወንድም ነው። ገበያው ዳር ሸራ ዘርግቶ ልባሽ ጫማ ይሸጣል ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚሸጠው ወሬ ነው፤ ጫማው ምርቃት ነው። እሱ ሲያወራ የፍየል ነጋዴው ፍየሉን ረስቶ፣ ፍየሉም ለመሸጥ መምጣቱን ረስቶ፣ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው ይሰሙታል። ዓይናዲስ ከዋጉ ዝቋላ ለትምህርት መጥታ ከእሱ ቤት ስትቀመጥ መጀመሪያ «አንቱ» ትለው ነበር። «አንቱ ስትይኝ ጸጉሬ ይሸብታል፤ ሽበት ደግሞ ለገበያ አይሆንም» ብሎ በማግስቱ ከለከላት።

ቀዩ ጫማ ከቦንዳ የወጣ ዕለት ገበያተኛው ተሰብስቦ ነበር። አያ ምትኩ አንስቶ ለፀሐይ ካሳየው በኋላ ታሪኩን እዚያው ፈጠረለት። ይህ ጫማ አንድ ቀን ውድድር ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ ገብቶ ሜዳልያውን ወሰደ፤ ባለቤቱ ባዶ እግሩን ሲደርስ ሽልማቱ አልቆ ነበር፤ ተጣሉና ተለያዩ። ሶሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችስ ምንድን ናቸው ሲባል ለአፍታም አልተቸገረም። የጫማው አፍንጫ ናቸው አለ፤ እግር ሲሮጥ መተንፈስ የለበትም እንዴ? ከቀዳዳዎቹ ውስጥ የተሰበረ ብረት ቢያገኝ ደግሞ ንፍጡ ነው ብሎ በወስፌ ጠርጎ አወጣው።

አንድ ሹፌር ልግዛው ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። አንድ መምህር ለመነው፤ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ምሽት ጫማውን ዓይናዲስ ጭን ላይ አስቀመጠላት። «ልክሽ ነው። ተኝተሽ እያለሽ እግርሽን በስንደዶ ለክቼዋለሁ» አላት። እውነትም ልኳ ነበር፤ ስንደዶው ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ ድረስ አንዲት ጸጉር እንኳ ሳያተርፍ ለክቷል። ለሩጫ ደግሞ ልክ ማለት ጠባብ ማለት እንደሆነ ስንደዶ ከየት ያውቃል?

እሷ ግን የዚያን ምሽት ጫማውን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምታየው። ሩጫውንም ያገኘችው በእሱ ነው። ወላጆቿ «ሴት ልጅ መንገድ ለመንገድ አትሮጥም» ብለው የከለከሏት ጊዜ፣ አያ ምትኩ ዝቋላ ድረስ በእግሩ ወርዶ ሩጫ ትምህርት ነው፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ይመጣል ብሎ በመስቀል አማትቦ ተናገረ። አባቷ ለፈተና ያለው ክብር ትልቅ ነውና ፈቀደ። እስከ ዛሬም የምትሮጠው ልትፈተን ይመስለዋል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሩጫ እያነከሰች ስትመለስ፣ አያ ምትኩ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነው?» ሲላት፣ «ቀሽት ነው፣ ይበራል» አለችው።

ሦስት ቃል ናት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ለአያ ምትኩ የተሰጠ ውሸት ግን እያደር ይከብዳል። በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ዓይናዲስ ምን እንደሠራች ያውቅ ነበር። ውሃ እሳት ላይ ጥዳ ኒሯቅ ከተማ ደርሳ፣ ዘመድ ሳትዘል ሰላም ብላ፣ ውሃው ሳይፈላ ተመልሳለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ዝቋላ ስትሮጥ ጥላዋ ደክሞት መንገድ ላይ ተቀመጠ፤ በማግስቱ አይሱዙ ተሳፍሮ መጣላት። የክፍሏ ልጆች «ዛሬ ጥላሽ መጥቷል ወይስ መኪና አጥቷል?» እያሉ ይፎግሯታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ካልሲዋ ውስጥ ግን ሁለት ጥፍሮቿ ጠቁረዋል።

አሰልጣኟ ከተናገረቻት በኋላ በመጣው የገበያ ቀን፣ ዓይናዲስ ከልምምድ ቀጥታ ወደ መደቡ ሄደች። ጥሩሐረግ ጫማ መምረጥ ከሩጫ በኋላ እግር አብጦ እያለ ነው ብላታለች። በመንገዷ ላይ የምትለውን ደጋግማ አጠናች። ሰው ሳይሰማ ጠጋ ብላ፣ ሳቅ እያለች፣ «አያ፣ ለልምምድ ሌላ ትርፍ ጫማ ብይዝ» ትለዋለች። ቀዩን ለክብር ቀን አስቀምጣዋለሁ ትላለች። እሱም ሳያዝን፣ እሷም ሳትዋረድ ይታለፋል።

ስትደርስ ግን መደቡ ዙሪያ ሰው ቆሟል። ሸራው ላይ፣ ከጫማዎቹ ሁሉ ፊት፣ አዲስ ሰማያዊ ጫማ ተቀምጦ ነበር። ቀለሙ ይለይ እንጂ የቀዩ ወንድም ነው፤ ቀዳዳዎቹን ከሩቅ አየቻቸው። አያ ምትኩ በዓይናዲስ ዝና ተበረታቶ ከወልድያ አስመጥቶታል።

ከአያ ምትኩ ፊት፣ እስከ ቅልጥሙ ድረስ አቧራ የለበሰ ሰው ቆሟል። ወርቅአገኘሁ ይባላል፤ ከሰሃላ ሲሄድ ውሎ፣ መንገድ አድሮ፣ ሲሄድ አርፍዶ ነው የደረሰው። እየሩስ የምትባል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጁ አንዱን ሰማያዊ ጫማ አጥልቃ፣ እንዳይቆሽሽ እግሯን ከመሬት ከፍ አድርጋ በአንድ እግሯ ቆማለች።

«ይኸው፣ ባለቤቷ ራሷ መጣች። እኔን ዋሾ በሉኝ፤ እሷን ግን ጠይቋት» አለ አያ ምትኩ፤ ፊቱ በራ።

ሰውየው ወደ ዓይናዲስ ዞረ። ልጁ ትምህርት ቤት በሩጫ ወንዶቹን ሁሉ እንደምትቀድም፣ መምህሯ ሩጫ ትሰልጥን እንዳለው፣ ስለ ዓይናዲስና ስለ ጫማዋ እዚያ ድረስ እንደተሰማ ነገራት። ጫማ አያውቅም፤ ፍየል ቢሆን ጥርሷን አይቶ ይገዛ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ። እውነት በዚህ ዓይነት ጫማ ነው የምትሮጪው?»

አዎ ማለት ትችላለች። ውሸትም አይሆንም፤ በየቀኑ ትሮጥበታለች። አያ ምትኩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይጠብቃል። እየሩስ ጫማ ያጠለቀውን እግሯን አውርዳ ከዓይናዲስ ቀይ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችና ሁለቱን እያስተያየች ፈገግ አለች። እግሯ ትንሽ ነው። ጫማው ጫፍ ላይ ጣቶቿ ተጨናንቀው ጨርቁን ወጥረውታል።

ዓይናዲስ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ክሩን ፈታች። ቀዩን ጫማ አወለቀች፤ ካልሲዋንም አወለቀች። ጥቁር ጥፍሮቿ፣ ተረከዟ ላይ ውሃ ቋጥሮ የፈረጠው ቁስል፣ ሁሉም ለገበያተኛው ተዘረጋ።

«በዚህ ነው የምሮጠው» አለች ለሰውየው። «አይግዙላት። ይሄ ለመም ነው፤ ለእኛ መንገድ አይሆንም።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። አያ ምትኩ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ይህ በሰቆጣ ገበያ ታይቶ አይታወቅም፤ የፍየል ነጋዴው እንኳ ታሞ ይሆን ብሎ ቀና ብሎ አየው።

አያ ምትኩ ግን መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለና እግሯን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ይበራል አላልሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር፣ አያ።»

ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ተመለከተ። «እኔ ስዋሽ ሰው ይስቃል» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም። «እንዴት ያለ ውሸት ነው ደግሞ ጥፍር የሚያስነቅል?» ተነሥቶ ሰማያዊውን ጫማ ከእየሩስ እግር አወለቀና ከኋላው ወረወረው። ለአቶ ወርቅአገኘሁም፣ ስለ ጫማ ብዙ አወራለሁ እንጂ ብዙ አላውቅም፣ ዛሬ የምትመርጠው ዓይናዲስ ናት አለው።

ዓይናዲስ በባዶ እግሯ ክምሩ መሐል ገባች። ጥሩሐረግ የነገረቻትን ለእየሩስ እያሳየች መረጠች። የጫማው ፊት እግር በሚታጠፍበት ቦታ መታጠፍ አለበት፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ አይሆንም። ተረከዙ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ገብቶ ይመለሳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ ጎን ካጋደለ፣ የፊተኛው ሰው አንድ ወገኑን በልቶታል ማለት ነው፤ የሰው አረማመድ ከነጉዳቱ አይገዛም። ቆመው ሲያጠልቁት ደግሞ ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይተርፋል። ለእየሩስ አረንጓዴ ተገኘላት። ልጅቷ እስከ ፍየል ተራ ሮጣ ስትመለስ አባቷ በቋንቋቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ለዓይናዲስ የወጣላት ከክምሩ ሥር ተጨፍልቆ የኖረ፣ አመድ የመሰለ፣ ወፍራም ጫማ ነበር። አያ ምትኩን አንገሸገሸው። ይህን ጫማ ለማንም አሳይቶ አያውቅም፤ ፋራ ነው፣ ጡረታ የወጣ የቄስ ጫማ ይመስላል፣ አንድ ወሬ እንኳ አልተገኘለትም አለ። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ማለዳ ለልምምድ ስትወጣ አያ ምትኩ ጋቢውን ደርቦ ተከተላት። ስትሮጥ አይቷት አያውቅም ነበር፤ ሲያወራላት ብቻ ነው የኖረው። እሷ ዳገቱን ወጥታ ወርዳ ስትመጣ እሱ መንገዱ ዳር እንደ ቆመ ጠበቃት። የምትረግጥበትን እንጂ ፊቷን አላየም።

«ተመቸሽ?» አላት።

ባቷ ቀሎላታል፤ ጣቶቿ ነጻ ናቸው። «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ጎንበስ ብሎ እየጠበቃት ነው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግራው ግን ተረከዙ ጋ ትንሽ ይፈጀኛል።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋችለት።